የስሮትል ሴንሰር ሳይለካ አታስቀይሩ

የዓባይን በረሃ ወጥታችሁ ደጀን የምትገቡ፣ በማርቆስና በፍኖተ ሰላም መስመር የምትመላለሱ ባለመኪናዎች፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። ስሮትል ሴንሰር ማለት ቤንዚን ሲረገጥ የአየር መግቢያው (ስሮትሉ) ምን ያህል እንደተከፈተ ለሞተሩ ኮምፒውተር በቮልት የሚነግር ዕቃ ነው።

መኪናው ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ያንገራግራል፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ የሞተሩ አዟዟር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ጋራዥ መመርመሪያው ይሰካና ፒ0122 የሚል የብልሽት ኮድ ይወጣል። ወዲያው «ስሮትል ሴንሰሩ ሞቷል፣ ኦርጅናል አለን» ይባላል። ተገጥሞ ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ይመለሳል፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ከተገጠመ ማን ይመልሳል?

ኮዱ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም። ያለው «ሲግናሉ (ሴንሰሩ የሚልከው ቮልት) ከሚገባው በታች ነው» ብቻ ነው። ለሴንሰሩ ኃይል የሚያደርሰው የ5 ቮልቱ ሽቦ ቢበጠስም ያው ኮድ ይመጣል። ማሳው (የኔጋቲቩ ሽቦ) ሲቆረጥ ደግሞ ሲግናሉ ወደ 5 ቮልት ይወጣና ፒ0123 ይሆናል። ሞተር በውሃ ግፊት ከታጠበ ሶኬቱን አስነቅላችሁ እዩ፤ ፒኑ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ነገሩ ሴንሰሩ ላይሆን ይችላል። እህል መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና ከሆነ ሽቦ የሚበላ አይጥም አትርሱ።

ባለ ሦስት ሽቦው፣ በኬብል የሚሳበው ስሮትል እንዲህ ይለካል። ቁልፍ ኦን፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፦ አንዱ ሽቦ 5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከሌለ ሴንሰር መግዛት ከንቱ ነው፤ መስመሩን ብዙ ጊዜ ሌሎች ሴንሰሮችም ስለሚጋሩት አንድ በአንድ ሲነቀሉ 5ቱ ይመለስ እንደሆነ ይታይ። ለማሳው የቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ቀይ ገመድ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ማሳው ፒን ላይ፤ የባትሪውን ያህል ቮልት ካላነበበ ማሳው ደካማ ነው።

ከዚያ ሶኬቱ ተሰክቶ ሲግናሉ ከጀርባ በቀጭን መርፌ ይነካል። ስሮትሉ ሲዘጋ ከ0.5 እስከ 0.9 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት ከ4 ቮልት በላይ ነው፤ እንደ መኪናው ትንሽ ይለያያል። ዋናው ነገር መሃሉ ነው። ቀስ ብሎ ሲከፈት ቮልቱ ሳይዘል መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላው የመጀመሪያው ሩብ ነው፣ እግር ሁልጊዜ የሚውለው እዚያ ነዋ! ዲጂታሉ ቴስተር መዝለሉን ሊያሳልፈው ይችላል፤ ቀስት ያለው አሮጌው ግን ቀስቱ ወድቆ ሲነሳ ያሳያል። ሽቦውን እያወዛወዙ ሲለኩ ከዘለለ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

የሽቦውን ላስቲክ በመርፌ የሚበሳ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ በቀዳዳው ክረምት ውሃ ይገባል።

ፔዳሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መኪና ከሆነ ሁለት ሲግናል አለው፤ በብዙዎቹ ሴንሰሩ ለብቻው አይሸጥም። «ሴንሰሩን ብቻ እቀይርልሃለሁ» የሚል ካለ የሚገጥመውን አሳየኝ በሉት።

ቁጥሮቹ ከመቀየሩ በፊትም በኋላም ደረሰኙ ጀርባ ይጻፉላችሁ። አሮጌውንም ተቀብላችሁ ሂዱ፤ ደህና ሆኖ የተፈታ ሴንሰር ታጥቦ ለሚቀጥለው ሰው «ኦርጅናል» ተብሎ ይሸጣል። የብሎን ቀዳዳው ዙሪያ የካቻቢቴ ጭረት ካለበት አዲስ አይደለም።