ለቱሉ ዲምቱው የፎቶ ኮፒ ቤት ጋሼ ምስጋና፤ ስኮላርሺፕ የሚሞክር ልጅ ያላችሁ አንብቡት

ልጄ ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ አለፈች፤ ከብዙ አገር የመጡ ልጆች አብረው የሚማሩባቸው፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ጎን እስዋቲኒ የምትባል አገር ያለው ትምህርት ቤታቸው፣ ዋተርፎርድ ካምህላባ ደረሳት። ከሰማሁ ሳምንት ሆነኝ፣ አሁንም ሌሊት እየነቃሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ስሜን አትጻፊ ብለውኛል፣ አልጽፍም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ግን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው፣ ልጆቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው።

እሳቸው ጋ የሄድነው አንዴ ከተቃጠልን በኋላ ነው። አምና አንድ ደላላ «የተረጋገጠ ስኮላርሺፕ አለ» ብሎ የዕቁብ ብሬን 30 ሺህ ወሰደና ስልኩን አጠፋ። ለጋሼ እያለቀስኩ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ስኮላርሺፕ ላይ ዋስትና የሚሸጥ ሰው ካየሽ ሽሺ» አሉኝ። «የምታመለክተው ልጅቷ ናት፣ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። መሃል ላይ ብር የሚበላ ሰው ቦታ የለውም።»

ስለ ትምህርት ቤቱ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወዴት ልትሰዷት ነው አልኳቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 ዌልስ ውስጥ እንደተከፈተ፣ ሀሳቡም ከተለያየ አገር የመጡ ልጆች አብረው እየበሉ አብረው እያደሩ ቢማሩ ነገ ጠላት አይሆኑም የሚል እንደሆነ ነገሩኝ። ዋተርፎርድን ደግሞ ማይክል ስተርን የሚባል መምህር በ1963 ሲከፍተው፣ ድንበሩን ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ልጅ አንድ ክፍል መቀመጥ አይችልም ነበር፤ እዚያ ግን ሁሉም አብሮ ተማረ። ማንዴላ እስር ቤት ሳሉ ሴት ልጆቻቸው የተማሩት እዚያ ነው። ይህን ስሰማ ፍርሃቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

ድርሰቱ ነው ልጄን ያስጨነቃት። ስለ ሌላ ባህል ምን ልጽፍ፣ አውሮፕላን ላይ እንኳ ወጥቼ አላውቅም አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ጽፎ ይሰጣት ነበር፣ እሳቸው ግን አንድ መስመር አልጻፉላትም። ጥያቄ ብቻ ጠየቋት። «በብሎካችሁ ስንት ቋንቋ ይነገራል?» «እናንተ ቤት ማን ነው የሚያስተረጉመው?» ያኔ ትዝ አላት። ወተት የሚያመጡልን እናት ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ነው የሚቀናቸው፣ እናቴ ደግሞ ከጎጃም የመጡ፣ ኦሮምኛ የማይሰሙ። ልጄ ከጓደኞቿ በጨዋታ የለመደችውን ይዛ ጠዋት ጠዋት መሃላቸው ቆማ ታስተረጉም ነበር፤ በኋላማ ስለ ወተቱ ትተው ስለ ልጆቻቸው ማውራት ጀመሩ። እናቴ ሲያርፉ እኚያ ሴት ድንኳን ውስጥ በኦሮምኛ አልቅሰው አስለቀሱን። ይህን ጻፈች። ጋሼ ሰዋሰው ላይ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ አራት ጊዜ መለሱላት። አራት ጊዜ! እያኮረፈች ሄዳ አስተካክላ ተመለሰች።

ከዚያ የገቢ ፎርም መጣ። እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምኖረው፣ የደሞዝ ወረቀት ከየት ላምጣ? አሳፈረኝም። ጋሼ ወረቀት አወጡና የጤፉን፣ የመብራቱን፣ የትራንስፖርቱን ወጪ አንድ በአንድ አስቆጥረውኝ ከሽያጩ ቀነሱ፣ የወር የዓመቱን አወጡ። «አትቀንሺም፣ አትጨምሪም፣ ያለሽን ጻፊ» አሉኝ። ከወረዳ ደብዳቤ አጽፌ አያያዝኩ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ፈርቶ ይተወዋል፤ እባካችሁ አትተዉት።

ሁለት ዓመት ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለውን፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ትማራለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዴቪስ የሚባል ስኮላርሺፕ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ነው፣ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተመርቀው አሜሪካ ከፕሮግራሙ ጋር የሚሠሩ ኮሌጆች የገቡ ልጆችን እንደ ችግራቸው መጠን ይደግፋል። ፕሪንስተንና ሚድልበሪ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ኮሌጆች ናቸው። ልጄ ከአሁኑ ስማቸውን ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ቀስ በይ ብያታለሁ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ጋሼ ለምክሩ አያስከፍሉም፤ የኮፒና የስካን ሒሳብ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይገኛሉ። ዋናውን የትምህርት ማስረጃና የልደት የምስክር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ራሱ ይምጣ፣ ወላጅ ብቻውን ከመጣ ይመልሱታል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረውም አትሂዱባቸው፤ እኛ አራት ወር ፈጅቶብናል።

ብር በፖስታ አድርጌ ወስጄላቸው ነበር፣ መለሱልኝ። እንጀራውን ግን ተቀብለዋል፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር አሥር እየላክሁላቸው ነው።