ስምንት ወር በአንድ ጆይስቲክ፦ ሉክላ ላይ የከዳኝ ጋዝ

ሉክላ ኔፓል ውስጥ፣ ኤቨረስት አካባቢ ያለች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ናት። እዚያ የወደቅኩት በራሴ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት አለ። ልጆቹ ተኝተዋል። ሲሙሌተሩ (የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታዬ) ላይ ትዊን ኦተሯን፣ ያችን ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ከካትማንዱ አስነስቼ፣ ሸለቆውን ተከትዬ ሉክላ ደጃፍ ደርሻለሁ። ማኮብኮቢያው ከፊቴ፣ ተራራው ላይ እንደተሰጣ ሰሌን ይታየኛል። ፍጥነቴ 75 ኖት (በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። ከፍታዬም ደህና ነው። ድንገት የሞተሮቹ ድምፅ ሞተ። እጄን አየሁት። ጋዝ መስጫው፣ የሞተሩን ኃይል የምጨምርበትና የምቀንስበት፣ ላይ ነው፤ ንቅንቅ አላልኩም። ስክሪኑ ላይ ግን ጋዙ ከግማሽ ወደ ዜሮ ወርዷል። ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ወረደ። ነገሩ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። አውሮፕላኗ ከማኮብኮቢያው ጫፍ በታች ካለው ገደል ጋር ተላተመች።

ያኔ የተናደድኩት እስካሁን አልበረደልኝም።

ጆይስቲኩን፣ ማለትም ሲሙሌተሩ ላይ የምበርበትን ዕቃ፣ ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖኛል። መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ፣ "ትንሽ የተነካ ነው እንጂ አዲስ በለው" ተብዬ በ9,000 ብር ወሰድኩት። መሪው ዛሬም ደህና ነው። ቁልፎቹ ይሠራሉ። ስለነሱ የምለው የለኝም። የኔ ጣጣ ከእግሩ ሥር ያለችው፣ አውራ ጣት የምታክል ጋዝ መስጫ ናት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አልታወቀኝም። ምክንያቱም የማርፈው ቦሌ ነበር። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። ጋዙ ለአፍታ ቢዘል አውሮፕላኑ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አስተካክለህ ታርፋለህ። ሁለት መቶ ሜትር አልፈህ ብትነካም ከፊትህ ገና ብዙ አስፋልት አለ። አንዳንዴ ወዝወዝ ሲያደርገኝ "ንፋስ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። የዕቃው ጉድ እዚያ ሁሉ አስፋልት ውስጥ ተደብቆ ኖሯል።

ሉክላ መደበቂያ የለውም። ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ ነው። ያውም ሜዳ አይደለም፤ 11.7 ከመቶ ሽቅብ ያዘነበለ ነው። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ወደ 60 ሜትር ከፍታ አለ፤ የ20 ፎቅ ሕንፃ በለው። ሲያርፉ ሽቅብ ነው፣ ሲነሱ ቁልቁል። ከታች ገደል፣ ከላይ የድንጋይ ግንብና ተራራ። አንድ ነጥብ ካለፍክ በኋላ "ትቼ እንደገና ልዙር" የሚባል ነገር የለም። ተራራው መንገድ አይሰጥህም።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,845 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 75 ቢልህም አየሩን የምትሰነጥቀው ከዚያ ወደ 15 ከመቶ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ዓይንም ያታልላል። ሽቅብ የሆነ ማኮብኮቢያ ከሩቅ ሲታይ አንተ በጣም ከፍ ያልክ ያስመስላል። አብራሪው ሳያውቀው ዝቅ ይላል። ዝቅ ካለ ደግሞ የሚጠብቀው የገደሉ ፊት ነው። ስለዚህ እዚያ ጋዝ ማለት ሕይወት ነው። ትንሽ ትጨምራለህ፣ ትንሽ ትቀንሳለህ፣ በጣት ጫፍ። ጋዙ ራሱ በገዛ ፈቃዱ የሚዘል ከሆነ የቀረው ችሎታህ ምን ይሠራል?

ቦታውን እንደ ተራ ጨዋታ አላየውም። ሜዳውን በ1964 እ.ኤ.አ. ያሠራው ኤድመንድ ሂላሪ ነው፤ ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ የወጣው ሰው። አስፋልት የለበሰው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ አፈር ላይ ነበር የሚታረፈው። በኦክቶበር 2008 እ.ኤ.አ. አንድ ትዊን ኦተር በጉም ውስጥ ሊያርፍ ሲል ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ወድቆ 18 ሰዎች አልቀዋል። የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እዚያ ስቀርብ፣ ሲሙሌተርም ቢሆን፣ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ።

እኛ ሰፈር ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ቅዳሜ ዕለት ጆይስቲኩን በፌስታል ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አራቱን ብሎኖች ፈቱ። ውስጡን አዩና ፈገግ አሉ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የሬዲዮ ቮልዩም ነው።"

እውነታቸውን ነው። ፖቴንሽዮሜትር ይባላል። በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተቀባ ጥቁር ካርበን አለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትሄዳለች። ምላሷ የቆመችበት ቦታ ነው ለኮምፒውተሩ "ጋዝ ይህን ያህል ነው" የሚለው። ካርበኑ ሲላጥ ወይም አቧራ ሲገባ ንክኪው ይቆራረጣል። የድሮ ሬዲዮ ድምፁን ስትጨምረው ክርርር እንደሚለው ማለት ነው። እዚያ ጆሮህ ይሰማል፤ እዚህ ሞተርህ ይጠፋል።

ወደ መስኮቱ ወስደው ብርሃን ላይ አሳዩኝ። የካርበኑ ሁለት ጫፎች እንደ አዲስ ናቸው። መሃሉ ላይ ግን ቀጭን፣ የምታብለጨልጭ መስመር ተበልታለች። "እዚህ ጋ ብዙ ታቆመዋለህ?" አሉኝ። አዎ፣ አባባ። ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚያቆመው። ለማረፍ ስትቀርብ ጋዙ የሚቀመጠው መሃል አካባቢ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬም እዚያው ሲያቆመው ኖሯል። ዕቃው ያለቀው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው።

በአልኮልና በጥጥ ጠርገው ገጠሙልኝ። 150 ብር። "ይሠራል፤ ግን የተበላ አይበቅልም" አሉኝ።

ያን ማታ ሉክላ አረፍኩ። የገደሉን ጫፍ በመጠኑ ከፍ ብዬ አለፍኩ። አፍንጫዋን ከወትሮው የበለጠ አነሳሁ፤ መሬቱ ራሱ ወደ አንተ ስለሚነሳ ግድ ነው። ጎማዎቹ ነኩ። ሽቅቡ ራሱ ፍሬን ሆኖ ያዘኝ። እላይ ሜዳው ላይ ወደ ቀኝ ታጥፌ ቆምኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተደሰትኩ።

ከዚያ ሳባ ላይ ተመለሰብኝ።

ሳባ በካሪቢያን ባሕር ያለች የኔዘርላንድስ ደሴት ናት። ማኮብኮቢያዋ 400 ሜትር ብቻ ነው። የመንገደኛ በረራ ከሚስተናገድባቸው በዓለም አጭሩ እየተባለ ይጠራል። በሁለቱም ጫፍ ገደል፣ ከገደሉ በታች ባሕር። ጫፎቹ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተቀብቷል፤ "ለሁሉም ክፍት አይደለም" ማለት ነው። እዚያም የምትመላለሰው ትዊን ኦተር ናት። በእውነተኛዋ አውሮፕላን ጋዝ መስጫዎቹ ከጣሪያው ላይ ነው የተንጠለጠሉት፤ አብራሪዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይይዟቸዋል። እኔ ከታች በአውራ ጣት ነው የምይዘው። ያም ሆኖ ልነካ ስል ጋዙ በዚህኛው ጊዜ ወደ ላይ ዘለለ። አውሮፕላኗ መሬቱን እምቢ ብላ ተንሳፈፈች። 400 ሜትር ላይ መንሳፈፍ ማለት ቀጥታ ባሕር ነው።

አሁን ሻጩ ፊቴ ቢቀመጥ የሚለኝን አውቀዋለሁ። "ወንድሜ፣ ይሄ የጌም ዕቃ ነው፤ ለጌም ደግሞ ይበቃል።" አይበቃም። ጌም የሚጫወትም ሰው ብር ነው የከፈለው። "ዴድ ዞን ጨምርበት" ይለኛል፤ ኮምፒውተሩ ትንንሽ እንቅስቃሴን እንዳይቆጥር አድርገው ማለቱ ነው። እሱ መሪው መሃል ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚረዳው። ጋዝ መስጫ የሚያርፍበት መሃል የለውም፤ የትም ቦታ ላይ በትክክል መናገር አለበት። "ኦሪጅናል ነው እኮ" ይላል ደግሞ። ኦሪጅናል መሆኑን እኔም አምናለሁ። ፋብሪካው ራሱ ነው ካርበን የከተተበት። እኔ ስገዛ መጠየቅ የነበረብኝ "ውስጡ ያለው ሴንሰር ምንድን ነው?" ብዬ ነበር። ሆል ሴንሰር የሚባል አለ። በማግኔት ነው የሚሠራው፤ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው እንዲህ አይበላም። አሁን ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

"ለምን እንዲህ ታካብዳለህ?" ይለኛል ወንድሜ። ምክንያት አለኝ። ልጅ ሆኜ ጂንካ ነበርን። የዚያን ጊዜው ማረፊያ ከተማዋ መሃል ያለ የሳር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ እኛ ኳስ እንጫወትበታለን። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሁላችንም ከብቶቹን እየነዳን እንወጣለን። ከዚያ ያቺ ባለ ሁለት ሞተር፣ እግሯ የማይታጠፍ አውሮፕላን ሳሩ ላይ ዘፍ ትላለች። ፊታችን ላይ አቧራና የሳር ሽታ ይመጣል። አብራሪው በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝልን ቀኑን ሙሉ ስለሱ ነው የምናወራው። ዛሬ ጂንካ አስፋልት ያለው ኤርፖርት አላት፤ ደስ ይለኛል። እኔ ግን እነዚህን ትንንሽ ማረፊያዎች የምወደው ከዚያ ሜዳ የተነሳ ነው። ሰው እዚያ የሚያርፈው በእጁና በዓይኑ ነው። እጄን የሚዋሽ ዕቃ ስይዝ የማዝነው ለዚህ ነው።

መግዛቴ ይቆጨኛል? ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ "ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ውሰዱት" እላችሁ ነበር። ዛሬ አልልም። ቦሌ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ብቻ ለሚያርፍ ሰው ብዙ ላያስቸግር ይችላል። ሉክላን፣ ሳባን ወይም ፈረንሳይ ያለውን የኩርሼቬልን 537 ሜትር ሽቅብ ለሚመኝ ሰው ግን፣ ያገለገለና ካርበን ያለበት ጋዝ መስጫ እንዳይገዛ እለምነዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ለፋሲካ ይመጣል። ሆል ሴንሰር ያለው፣ ለብቻው የሚሸጥ ጋዝ መስጫ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬ የሴንሰሩን ስም አስደግሜዋለሁ። እስከዚያ ስኮትላንድ ባራ ደሴት ላይ ነኝ። እዚያ የሚታረፈው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። ሦስት ማኮብኮቢያ አለ፤ ጫፋቸው በምሰሶ ምልክት ተደርጎበታል። የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ሦስቱም ውሃ ውስጥ ይገባሉ። የበረራ ሰዓቱም ውሃውን ተከትሎ ነው የሚወጣው። አሸዋው ሰፊ ነው፤ ጋዙ ቢዘልብኝም ወደ ጎን የምሄድበት አለኝ። ትናንት ማታ አራት ጊዜ አረፍኩ። ሦስተኛው ላይ ዘለለ።