ገደቡ ያለፈበትን የጌም ገንዘቤን ላስመለሰችልኝ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ እግረ መንገዴን ለመጠቆምም ነው። ዲጂታል ጌም ገዝታችሁ፣ አልሠራ ብሏችሁ፣ "የመመለሻ ጊዜው አልፏል" ተብላችሁ በዚያው የተዋችሁት ገንዘብ ካለ ይቺን ልጅ ማወቅ አለባችሁ።

ስሟን እዚህ አላወጣም። ራሷ ናት "አደራ ስሜን እንዳትጽፊ" ያለችኝ። የምትሠራው ለሰው የሪፈንድ (የገንዘብ ማስመለሻ) ጥያቄ ማዘጋጀትና ከሱቁ ጋር ያለውን መጻጻፍ ማገዝ ነው። በተለይ ከተለመደው ገደብ ያለፈውን፣ ሱቁ አንዴ "አይሆንም" ብሎ የዘጋውን። ከዚህ በፊት ለዓመታት የደንበኞች አገልግሎት ላይ ሠርታለች፤ የስንቱን የተናደደ ሰው መልእክት ስታነብ እንደኖረች እሷ ናት የምታውቀው። ስለዚህ ጥያቄውን የሚያየው ሠራተኛ ምን ሲያነብ ቆም ብሎ እንደሚያስብ፣ ምን ሲያነብ ደግሞ የተዘጋጀ መልስ ለጥፎ ወደሚቀጥለው እንደሚያልፍ ጠንቅቃ ታውቃለች።

የኔ ጉዳይ እንዲህ ነው። ጌሙን ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ተገትሮ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ "ሼደር (የጌሙን ምስል የሚሠራው ኮድ) እየተዘጋጀ ነው" እያለ ቁጭ አድርጎኝ ይቆይና ልክ ሊጀምር ሲል ድርግም ብሎ ይዘጋል። የሱቁ ሰዓት ቆጣሪ ግን ይሄን አያውቅም። ፕሮግራሙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ለሱ እየተጫወትኩ ነው። የጌሙ ሠሪዎች በበኩላቸው "በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል፣ ትንሽ ታገሱን" ብለው ለጠፉ። ታገስን። አፕዴቱ መጣ፣ ችግሩም አብሮት መጣ። በዚህ መሃል የ2 ሰዓቱ የመጫወቻ ገደብም አለፈ፣ ከግዢ በኋላ ያለው የ14 ቀኑም አለፈ። ጥያቄ ሳስገባ መልሱ ወዲያው ከተፍ አለ፤ ያነበበው ሰው እንደሌለ ከፍጥነቱ ያስታውቃል። ከገደቡ ውጭ ነዎት፣ አንመልስም፣ እናመሰግናለን።

ደንቡን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም የኦንላይን ሱቅ ከ2015 (በፈረንጆች) ጀምሮ፣ ከገዛችሁ 14 ቀን ካልሞላና የተጫወታችሁት ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ በየትኛውም ምክንያት ማለት ይቻላል ይመልሳል። የሌላው ሱቅ የኤፒክም ደንብ ተቀራራቢ ነው። ጎግ የሚባለው ሱቅ ቸር ነው፣ ተጫውታችሁበትም ቢሆን 30 ቀን ይሰጣል። ፕሌይስቴሽን 14 ቀን ይላል፣ ዳውንሎድ ከጀመራችሁ ግን ጌሙ ብልሽት ከሌለበት በቀር ነገሩ አበቃ። ኔንቲዶ ጭራሽ የተሸጠ አይመለስም ባይ ነው። ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ ይተወዋል። ልጅቷ ግን ቀጥሎ ያለውን አሳየችኝ። ስቲም ራሱ እዚያው የሪፈንድ ገጹ ላይ፣ ከደንቡ ውጭ ብትሆኑም ጥያቄ ማስገባት ትችላላችሁ፣ እናየዋለን ይላል። ማለትም ገደቡ ሰው ሳያየው በራሱ የሚሰጠው መልስ የሚያልቅበት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው ነው የሚወስነው፤ ሰው ደግሞ የሚያሳምን ነገር ካየ ያስባል።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ፓስወርድ አይደለም። ይሄን አስምሩበት። ደረሰኙን፣ የትእዛዝ ቁጥሩንና ከሱቁ ጋር የተጻጻፍኩትን ሁሉ ቀኑ እንዲታይ አድርጌ ስክሪንሾት እንድልክላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ "ሪላያቢሊቲ ሞኒተር" የሚባለውን እንድከፍት ነገረችኝ፤ ስሙን ሰምቼውም አላውቅ። ለካ ኮምፒውተሩ ፕሮግራም በተበላሸ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን እየመዘገበ ያስቀምጣል! ጌሙ የተዘጋበት ሁሉ እዚያ በቀይ ምልክት ተደርድሮ አገኘሁት። ቀጥላ አቺቭመንቶቼን (ጌሙ ውስጥ አንድ ነገር ሲሳካ የሚከፈቱትን ምልክቶች) ጠየቀችኝ። አንድም አልተከፈተም። የመጀመሪያውን ትምህርት እንኳ ላልጨረሰ ሰው "ብዙ ተጫውተሻል" ማለት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም አለች። በመጨረሻ ሠሪዎቹ ችግሩን አምነው የለጠፉትን ማስታወቂያ ቀኑ እየታየ አስቀመጠችው። ይሄኛው ዋናው ነበር፤ የዘገየሁት እነሱ ታገሱ ስላሉ መሆኑን በራሳቸው ቃል ያሳያል።

ደብዳቤው ደግሞ አምስት መስመር ቢሆን ነው። አብዛኞቻችን ስንናደድ የምንጽፈውን ታውቁታላችሁ፤ ሌቦች፣ አጭበርባሪዎች፣ ሁለተኛ ከናንተ አልገዛም፣ ለሕዝብ አጋልጣችኋለሁ። እሷ እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ ታወጣዋለች። የመጀመሪያው መስመር የምፈልገውን ይናገራል፦ "ለዚህ ጌም በልዩ ሁኔታ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።" ሁለተኛው ከገደቡ ማለፌን ሳይደብቅ ይናገራል፤ ሠራተኛው የሚያየውን ነገር መደበቅ እምነት ያሳጣል ትላለች። ሦስተኛው ሰዓቱ ለምን እንደተቆጠረ፣ አራተኛው ለምን እንደዘገየሁ፣ አምስተኛው ምን ምን እንዳያያዝኩ። አለቀ። ምስጋና አለው፣ ልመና የለውም። "ሰውየው ፊት ብዙ ጥያቄ ተደርድሯል፤ ያንቺን አንብቦ ለመወሰን ያለው ጊዜ ትንሽ ነው፣ አታድክሚው" ነበር ያለችኝ።

መልሱ እንደገና "አይሆንም" ሆኖ ሲመጣ እኔ በቃ ብዬ ልተወው ነበር። እሷ ምንም አልመሰላት። አዲስ ጥያቄ ደራርቦ ማስገባት እንደማይጠቅም፣ ወረፋውን ከማጨናነቅ በቀር ለውጥ እንደሌለው አስረድታኝ እዚያው የመጀመሪያው ጥያቄ መጻጻፊያ ላይ አንዲት አጭር መልስ አስጻፈችኝ፤ የተያያዙትን ፋይሎች ሰው እንዲያያቸው የምትጠይቅ። ቀጥሎ የመጣው ጽሑፍ ገና ከመጀመሪያው ቃል የሰው ነበር። ሠራተኛው አንድ ተጨማሪ ፋይል ጠየቀ፣ ላክንለት፣ ገንዘቡ ለዚህ ጊዜ ብቻ በልዩ ሁኔታ እንዲመለስ ፈቀደ። የተመለሰው ሙሉ ነው፣ የገባው ግን ካርዴ ላይ ሳይሆን የሱቁ ዋሌት (እዚያው ሱቅ ለመግዣ የሚሆን ሂሳብ) ውስጥ ነው። ይሄም ሊሆን እንደሚችል አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልከፋኝም። ያንን ሠራተኛም ባላውቀውም ፈጣሪ ይስጠው።

እኔ ይበልጥ የወደድኩላት ግን እምቢ የምትልበትን ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ጌሙን ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ፣ መጨረሻው ስላላማረው ብቻ ገንዘቡን ሊያስመልስ ፈለገ። አልቀበልም አለችው፣ በቀልድ አድርጋ ግን ቁርጥ አድርጋ። ሌላው "ልጄ ሳላውቅ ገዝቶብኝ ነው እንበል" ብሏት፣ ውሸት ያለበት ላይ እጄን አላስገባም ብላ መልሳዋለች። እዚህ ላይ ትክክል ናት። ሱቆቹ እኮ ሪፈንድን መጫወቻ ያደረገ ሲመስላቸው ለዚያ ሰው መመለስ ያቆማሉ፤ ስቲም ይሄንንም በግልጽ ጽፎታል። ዛሬ አንድ ጊዜ ዋሽቶ ያገኘ ሰው ነገ የምር ችግር ሲገጥመው ማን ያምነዋል?

ልጁ እውነት የገዛበት ሰው ግን አለ፣ እሱንም ትረዳለች። አንዲት ዘመዴ ስልኳ ላይ ሕፃኑ የጌም ሳንቲም ሲገዛ ከርሞ ነበር። ጎግል ፕሌይ ላይ 48 ሰዓት ካለፈ ብዙ ጊዜ የሚሻለው የጌሙን ሠሪ በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ አፕል ደግሞ ለዚሁ "ሪፖርት ኤ ፕሮብሌም" የሚል የራሱ ገጽ አለው። የዘመዴ ገሚሱ ተመለሰላት። ልጁ ጌሙ ውስጥ ያጠፋው ሳንቲም ዋጋ አልተመለሰም፣ ያውም አስቀድማ ያለችው ነው።

ባንክ ሄዶ ክፍያውን ማሰረዝ የሚቀናችሁ ደግሞ ስሙኝ። እኔም ጠይቄያት ነበር። "እሱ የመጨረሻው መጨረሻ ነው" አለችኝ፣ ሱቁ አካውንትሽን ሊዘጋውና እስከዛሬ የገዛሽው ሁሉ ሊቆለፍብሽ ይችላል። ማስፈራሪያ አይደለም። በ2022 ዓ.ም. በፈረንጆች የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ኤፒክን ፎርትናይት በሚባለው ጌሙ ጉዳይ ሲከስ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ያልፈቀዱትን ክፍያ በባንክ የተከራከሩ ሰዎችን አካውንት ቆልፏል የሚል። ኤፒክ 245 ሚሊዮን ዶላር ለተጠቃሚዎች ተመላሽ የሚሆን ለመክፈል ተስማምቷል። እንግዲህ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል፣ እስኪመለስ ግን የጌም ላይብረሪያችሁን ይዛችሁ ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ።

ገደብ የማይነቃነቅ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት የምትጠቅሳቸው ምሳሌዎችም አሏት። ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጌም በታኅሣሥ 2020 (በፈረንጆች) ሲወጣ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ የነበረበትን ሁኔታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከሱቁ አውርዶት ለፈለገ ሁሉ ገንዘብ መልሷል፣ ዳውንሎድ ማድረግ አለማድረግ ሳይል። በ2024 የሶኒው ጌም ኮንኮርድ ወጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲዘጋም እንደዚያው ለገዙት ሁሉ ተመልሷል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ፍርድ ቤት በ2016 (በፈረንጆች) የስቲምን ባለቤት ቫልቭን 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር፣ በ2020 ሶኒን 3.5 ሚሊዮን ቀጥቷል፤ ምክንያቱ ደንበኛውን ሕጉ የሚሰጠውን የመመለስ መብት እንደሌለው አድርገው መናገራቸው ነው። የምትኖሩበት አገር የሸማቾች ሕግ ከሱቁ ደንብ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ቢሆንም እሷ ሕጉን ደብዳቤ ላይ የምትጠቅሰው የእውነት ለሰውየው የሚሠራ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለማስፈራራት አትጠቀምበትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን አንብበው የሚሯሯጡ አይጠፉም። "ሪፈንድ እናስመልሳለን" የሚሉ ብዙ ናቸው። ፓስወርድ የጠየቃችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ኮድ "ንገሩኝ" ያላችሁ፣ ወይም "መቶ በመቶ ይመለሳል" ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የተቀበላችሁ ሰው ሊሸውዳችሁ ነው፣ ዞር በሉ። እሷ አካውንታችሁ ውስጥ አትገባም። የምትጽፉትም የምትልኩትም እናንተው ናችሁ፣ እሷ አጠገባችሁ ሆና ታስተካክላለች። ክፍያዋን የምትቀበለው ገንዘቡ ሲመለስ ነው፤ የማይሆን ከመሰላት ገና ከጅምሩ አይሆንም ትላለች፣ ለምክሩም አታስከፍልም።

እና እህቴ፣ እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ እጅሽ ይባረክ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ እየደጋገምኩ ስጠይቅሽ አንዴም ድምፅሽን ከፍ አላደረግሽብኝም።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትመጡ ደረሰኛችሁን፣ የገዛችሁበትን ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደተቆጠረባችሁና ሱቁ የመለሰላችሁን መልስ ይዛችሁ ኑ። ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ቶሎ ካልመለሰች "ሃሎ? ሃሎ?" እያላችሁ አትጨቅጭቋት፣ እኔን ጨቅጭቁኝ።