የበላውን ብቻ የሚመልስ ሰዓት

ይህን የኤሌክትሮኒክስ የቼስ ሰዓት የገዛሁት በንዴት ነው። በክለባችን አሮጌ ባለ መርፌ ሰዓት ስጫወት፣ ለማሸነፍ አምስት ስድስት እርምጃ ሲቀረኝ ቀዩ ባንዲራ ወደቀብኝ፤ ጊዜዬ አልቆ ተሸነፍሁ። በሳምንቱ የቤት ኪራዬን ሲሶ ከፍዬ ይህን ይዤ መጣሁ።

የፈለግሁት የቀድሞውን የዓለም የቼስ ሻምፒዮን የቦቢ ፊሸርን አሠራር ነበር፦ ተጫውቶ ቁልፉን የተጫነ ሁሉ ጊዜ ይጨመርለታል። ፊሸር ከተቀናቃኙ ከስፓስኪ ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲገናኝ የተጫወተው በዚሁ ነው። እኛ 90 ደቂቃና በየእርምጃው 30 ሰከንድ እንሞላለን።

መሙላቱ ግን ያናድዳል። አማራጮቹ በቁጥር ብቻ ተደርድረዋል፤ ሻጩም መመሪያውን አልሰጠኝም። በመጀመሪያው የውድድር ቀን የገጠሙኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። መክፈቻውን በሁለት በሁለት ሰከንድ ስንጫወት ጊዜው ከ90 ደቂቃ ከፍ አይልም። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና «ልጄ፣ ይህ የበላውን ጊዜ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ምንም አይጨምርም» አሉኝ። እውነትም ሌላ አማራጭ መርጬ ኖሯል። ዳኛው ሰዓቱን አስቁሞ አስተካከለው።

ውለታውን ያየሁት ከ60ኛው እርምጃ በኋላ ነው። እኔ ግንብና ወታደር፣ እሳቸው ግንብ ብቻ ቀርተውናል። ወታደሬ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው፤ ንጉሤ ከፊቱ ቆሟል፤ የቀረኝ ጊዜ 40 ሰከንድ ነው። ግንቤን አራተኛው መስመር ላይ አውጥቼ ንጉሤን ከግንባቸው ኪሽ (ንጉሥን ከሚያጠቃ እርምጃ) የሚከልለውን፣ «ድልድይ» የሚባለውን መሥራት ነበረብኝ። በድሮው ሰዓት ቢሆን አለቀልኝ። አሁን ግን በየእርምጃው ሠላሳ ሰከንድ እየመጣልኝ ንጉሤን ከኪሽ አስጥዬ ወታደሩን አነገሥሁት። ታዲያ ሠላሳ ሰከንድ የሚጨመርለት ሰው እርምጃውን እስከ መጨረሻው መመዝገብ ግዴታው ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ወረቀቴን ዛሬ እኔው ማንበብ ያቅተኛል።

በሰንጠረዥ፣ በአገራችን የድሮ ቼስ ዘመን፣ አያቶቻችን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያህል ይራመዱ ነበር። ለእነሱ ሰዓት ምን ያደርግላቸዋል!

ሌሎች ጉድለቶችም አሉት። መጫኛው ይጮኻል፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ተጫዋቾች ቀና ብለው ያዩኛል። በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲገባ ቁጥሩ አይታይም። ቀላል ስለሆነም ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ለጥፌበታለሁ። ባትሪው ግን በሁለት ወር ውስጥ አልደከመም።

መምህሩ ለራሳቸውም እንድገዛላቸው ገንዘብ ሰጥተውኛል። የእሳቸውን የማስረክበው ትክክለኛውን የአማራጭ ቁጥር በፕላስተር ጀርባው ላይ ጽፌ ነው።