ባለ አራት ዘንግ ማጠፊያ፦ ትራንዚስተርን ወጥሮ ለመለካት ምን ያህል ይታመናል?

በእጅ የሚዞረው ባለ አራት ዘንግ ማጠፊያ ትራንዚስተር ሲለጠጥ ወይም ሲጨመቅ ጠባዩ እንዴት እንደሚቀየር ለመለካት ያገለግላል፤ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ውጨኛ ዘንጎች የዌፈሩን (ትራንዚስተሮች የሚሠሩበትን ስስ የሲሊከን ሳህን) ቁራጭ ጫፍና ጫፉ ላይ ከላይ ይይዙታል፤ ሁለት ውስጠኛ ዘንጎች ደግሞ በማይክሮሜትር ብሎን እየተገፉ ከሥር ያነሱታል። ቁራጩ ይጎብጣል፣ ላይኛው ፊቱ ይለጠጣል፣ እዚያ ያሉት ትራንዚስተሮችም አብረው ይለጠጣሉ። በውስጠኞቹ ዘንጎች መካከል ውጥረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ባለ ሦስት ዘንጉ ይህን ስለማይሰጥ ለዚህ ሥራ ባይገዛ ይሻላል።

ውጨኞቹ ዘንጎች በ40፣ ውስጠኞቹ በ20 ሚሊሜትር ተራርቀው፣ 0.775 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲሊከን በ0.2 ሚሊሜትር ሲገፋ ውጥረቱ ወደ 100 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ አሃድ) ይደርሳል። ብሎኑ ላይ በ0.02 ሚሊሜትር የተሳሳተ ሰው እንግዲህ በ10 ሜጋፓስካል ተሳስቷል። ትልቁ ድክመትም እዚሁ ጋ ነው፤ ብሎኑ አቅጣጫ ሲቀይር ይላላል፣ ቁራጩ ዘንጎቹ ላይ እስኪደላደልም የመጀመሪያው እንቅስቃሴ በከንቱ ያልቃል። መፍትሔው ስትሬይን ጌጅ (የርዝመት ለውጥን የሚለካ ተለጣፊ መሣሪያ) ቁራጩ ላይ መለጠፍ ነው። በ100 ሜጋፓስካል በሚሊዮን 590 ገደማ የርዝመት ለውጥ ማሳየት አለበት። ብሎኑና ጌጁ ካልተስማሙ ጌጁን እመኑ፤ ሙጫው በደንብ ካልደረቀ ግን እሱም አሳንሶ ያነባል።

ቁራጩ በተለመደው ዌፈር ላይ ከቻናሉ (ከረንት በትራንዚስተሩ ውስጥ ከሚያልፍበት መንገድ) ጋር ትይዩ ሆኖ ከተቆረጠ፣ ከ1954 ጀምሮ የሚታወቁት የሲሊከን ቁጥሮች በ100 ሜጋፓስካል የኤን ዓይነቱ (ከረንቱን ኤሌክትሮኖች የሚሸከሙበት) ትራንዚስተር ሬዚስታንስ በ3 ከመቶ እንደሚቀንስ፣ የፒ ዓይነቱ (ከረንቱን የኤሌክትሮን ጉድለቶች የሚሸከሙበት) ደግሞ በ7 ከመቶ እንደሚጨምር ይነግሩናል። ቻናሉን አግድም አድርጋችሁ ብትወጥሩት የፒው ለውጥ ተገልብጦ ሬዚስታንሱ በ6.6 ከመቶ ይቀንሳል። ኢንቴል በ90 ናኖሜትር ቺፖቹ የፒውን ቻናል በሲሊከን ጀርማንየም ከሶርስና ከድሬን (ከቻናሉ ሁለት ጫፎች) በኩል የጨመቀው፣ በርዝመቱ ሲለጠጥ የሚጨምረው ሬዚስታንስ ሲጨመቅ ስለሚቀንስ ነው።

አጭር ጌት (ቻናሉን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ባለው ትራንዚስተር ላይ ለውጡ አንሶ ቢታይ መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት። የሶርስና የድሬን ሬዚስታንስ ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ስለሚይዝ የቻናሉን ለውጥ ይሸፍነዋል። የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ጌቶች ለክታችሁ የሶርስና የድሬኑን ድርሻ ቀንሱ። ትራንዚስተሩ የሚከፈትበት የመነሻ ቮልቴጅም በውጥረት ስለሚንሸራተት፣ የምታወዳድሩት ከመነሻው በላይ ባለው እኩል ቮልቴጅ ይሁን።

ብሎኑ በዞረ ቁጥር የቁራጩ ፊት ከፍ ስለሚል የመለኪያ መርፌዎቹ ከሚያርፉበት የብረት ገጽ (ከፓዱ) ይንሸራተታሉ። ስለዚህ መርፌውን አንሱ፣ ብሎኑን አዙሩ፣ መርፌውን መልሳችሁ አሳርፉ። አሰልቺ ነው፤ መርፌው ባለበት አዙሮ ፓድ ከመቧጨር ግን ይሻላል። ብርሃኑን ሸፍኑ። ቀኝና ግራ ጠርዝ ላይ ያሉ ተመሳሳይ ትራንዚስተሮች የተለያየ ለውጥ ካሳዩ ዘንጎቹ ትይዩ አይደሉም፣ ቁራጩ እየተጠማዘዘ ነው። ሲጨርሱ ወደ ዜሮ መልሶ መለካት ግዴታ ነው፤ ከረንቱ ወደ መነሻው ካልተመለሰ የዚያን ዙር ውጤት ጣሉት።

ቁራጩ ሲሰበር ስንጥቁ የሚነሳው ከጠርዝ ነው፤ መጋዙ የተወው ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በደቃቅ አልማዝ ፊልም ይለስልስ። በደንብ ያልለሰለሰ ቁራጭን ከ200 ሜጋፓስካል በላይ መግፋት ቁማር ነው፣ የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ደግሞ ፈጽሞ። በፋብሪካ ሂደት የሚገኘውን ከ1 ጊጋፓስካል በላይ የሆነ ውጥረት በዚህ መሣሪያ አትጠብቁ።

ለጭመቃ ዘንጎቹ ሲገለበጡ ውስጠኞቹ ከላይ ስለሚመጡ ለመርፌዎቹ የሚቀረው ክፍተት ከ20 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መርፌውን የሚይዘውን የፕሮባችሁን ክንድ ለኩ።