አስር ድረስ መቁጠር ያቃታት የሂሳብ ሠራተኛ

በቡና መጋዘን ሂሳብ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጆንያ ስቆጥር፣ ኪሎ ስደምር፣ የጎደለውን ስፈልግ ኖሬያለሁ። ስለዚህ በዚህ ክረምት መግቢያ እዚሁ ጅማ በተከፈተው የትንፋሽ ልምምድ ስልጠና ላይ አሰልጣኙ «የመጀመሪያ ሥራችሁ ትንፋሻችሁን ከአንድ እስከ አስር መቁጠር ነው» ሲለን በሆዴ ሳቅሁ። 1,800 ብር የከፈልኩት ለዚህ ነው እንዴ አልኩ።

በዚያው ምሽት አራት ላይ ስደርስ ጠዋት ሳትፈረም የቀረች አንዲት የመረከቢያ ደረሰኝ ትዝ አለችኝ። ከደረሰኟ ወደ ሚዛን ሠራተኛው ሄድኩ፤ ከእርሱ ወደ ተናገረኝ ክፉ ቃል፤ ከዚያ ደግሞ ያኔ ልመልስለት ሲገባኝ አፌ ላይ ወደ ቀረው መልስ። መልሱን አሳምሬ ጨርሼ ብንን ስል ሠላሳ ሰባት ላይ ነኝ። ለካ ቁጥሩ እኔን ትቶ ብቻውን መንገዱን ቀጥሏል።

ስልጠናው ስድስት ሳምንት ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። ክፍሉ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ንጹሕ ነው፣ ደረጃው ግን መብራት የለውም። ስንጀምር አሥራ አንድ ነበርን። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ እና አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበሩበት። አሰልጣኙ ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ ሄዶ ሳለ አስር ቀን ያለ ንግግር የሚቀመጡበት ስልጠና ገብቶ የተማረ ወጣት ነው። ትሑት ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ስልክ ሲጠራ አይቆጣም።

ቅሬታዬን በቅድሚያ ልናገር። ማስታወቂያው ላይ «የትንፋሽ ልምምድ ለጭንቀት» ብቻ ነው የተጻፈው። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ይህ ነገር ከየት የመጣ ነው?» ሲሉት ልጁ ትንሽ ተደናገጠና ከቡድሃ ትምህርት መሆኑን ተናገረ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለት ሴቶች አልመጡም፤ አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ኦርቶዶክስ። አልፈርድባቸውም። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚገዛውን ማወቅ አለበት፤ ቡና እንኳ ከየት ወረዳ እንደመጣ ተጽፎበት ነው የሚሸጠው። እኔ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ምን እንዳሉኝ የእኔና የእርሳቸው ነው። ቀጥያለሁ።

ደግሞም የሚገርመው ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ትምህርቱ ተሻሻለ። ልጁ የሚደብቀው ስላልነበረው ምንጩን እየጠቀሰ ማስተማር ጀመረ። ልምምዱ የጥንት የቡድሃ ስብከቶች በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ አናፓናሳቲ ይባላል፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ትንፋሽ ማስተዋል እንደማለት ነው። ስለዚሁ የተነገረው የቡድሃ ስብከት መጅሂማ ኒካያ በሚባለው ስብስብ ውስጥ 118ኛው ሲሆን ልምምዱን በ16 ደረጃ ይከፍለዋል፤ አራት ስለ አካል፣ አራት ስለ ስሜት፣ አራት ስለ አእምሮ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ ስለ ነገሮች አላፊነትና ስለ መልቀቅ። እኛ በስድስት ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ አራት አልወጣንም። ልጁም እንደማንወጣ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ይህን ታማኝነቱን ወድጄለታለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሠራው አንድ ስህተት ግን ነበር። «በረጅሙ ሳቡ፣ በረጅሙ አውጡ» ይለን ነበር። እንዳለን ስናደርግ እኔን አዞረኝ፣ የጣቶቼ ጫፍ ነዘረኝ። አዋላጇ ናት የነገረችን፤ ሰው ሳያስፈልገው አብዝቶ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣና እንዲህ ያደርጋል። ኋላ ስብከቱ ሲነበብልን እንዲህ የሚል ትእዛዝ የለበትም። ትንፋሹ ረጅም ከሆነ ረጅም መሆኑን ማወቅ ነው፣ አጭር ከሆነ አጭር መሆኑን። ማስረዘም የሚባል ነገር የለም። ልጁ ተሳስቻለሁ ብሎ በሁላችንም ፊት አረመ።

ይሁን እንጂ ማወቅ ብቻውን ከማስረዘም ይከብዳል። ሳላስበው አርባ ዘጠኝ ዓመት የተነፈስኩት ትንፋሽ ልየው ስል እጄ ላይ ገባ። ካልሳብኩት የማይገባ፣ ካላስወጣሁት የማይወጣ መሰለኝ። እንግዳ ፊት እንደሚሽኮረመም ልጅ ሆነብኝ። ለዚህ የተሰጠን ምክር የስልጠናው ምርጡ ነገር ነው እላለሁ። ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ትንሽ ባዶ ጊዜ አለ። እዚያ ላይ ምንም ሳታደርጉ ጠብቁ፤ ሰውነት ራሱ ሲፈልግ ይስባል። የመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሲገባ ስሰማው በሬን ያንኳኳ ሰው ያለ ይመስል ዓይኔን ገለጥኩ።

ሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ የዘበኛው ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡድሃጎሳ የሚባል መነኩሴ ስሪ ላንካ ውስጥ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። የበር ጠባቂ ገቢና ወጪውን በሩ ላይ ያያል እንጂ ማንንም ተከትሎ ከተማ ውስጥ አይዞርም፤ ትንፋሽንም አፍንጫ ጫፍ ላይ ማየት ነው፣ ሳንባ ድረስ መሸኘት አይደለም። የእኛ መጋዘን ዘበኛ እያንዳንዱን መኪና እስከ ሚዛኑ ተከትሎ ይሄድና በሩ ክፍት ይቀራል። ምሳሌው ስንት ጊዜ እንደጠቀመኝ አልነግራችሁም። እዚያው መጽሐፍ ላይ የመቁጠሩም ነገር አለ፤ ከአምስት በታች አታቁም፣ ከአስር አትለፍ ይላል። ጀማሪው እንደ እህል ሰፋሪ ቀስ ብሎ ይቁጠርም ይላል፤ ሰፋሪው ቁናውን ሞልቶ «አንድ» ካለ በኋላ ገለባ ሲያይ እያወጣ «አንድ፣ አንድ» እያለ እንደሚቆየው። አያቴ በቆሎ ስትሰፍር ልክ እንዲሁ ነበረች። ይህን ስሰማ ነገሩ የባዕድ መሆኑ ትንሽ ቀነሰልኝ።

የልምምዱ መሰናክሎች አምስት ናቸው አለን አሰልጣኙ፤ ምኞት፣ ጥላቻ፣ ድንዛዜና እንቅልፍ፣ መቅበዝበዝና ጸጸት፣ ጥርጣሬ። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ባለቤት ነበረው። ጥርጣሬ የመምህሩ ነው፤ «አሁን ይህ ምን ይሠራል?» ሳይሉ የቀሩበት ቀን የለም። ጥላቻ የእኔ ነው፤ ሚዛን ሠራተኛው ስድስቱን ሳምንት አብሮኝ ተቀምጧል። እንቅልፍ የባጃጁ ልጅ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሲነዳ ውሎ ስለሚመጣ በአምስተኛው ደቂቃ ያንኮራፋል። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ስነካው «ይቅርታ እትዬ፣ ስምንት ደርሼ ነበር» አለኝ። አሰልጣኙ አልተቆጣም። ቡድሃ ለሚያንጎላጅጀው ደቀ መዝሙሩ ለሞጋላና የሰጠውን ምክር ነገረው፤ ጆሮህን ጎትት፣ ፊትህን በውኃ ታጠብ፣ ከዋክብትን ቀና ብለህ ተመልከት፣ ተነሥተህ ተመላለስ፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ ጋደም በል። ልጁ ጆሮውን ሲጎትት ሁላችንም ሳቅን። በሐምሌ የጅማ ሰማይ ላይ ኮከብ ስለማይገኝ ከዋክብቱን ዘለልናቸው።

የእኔ ሌላ ችግር ቡና ነው። አቦል ቶና በረካ ጠጥቼ የሄድኩ ቀን ትንፋሼን ሳይሆን ልቤን ስቆጥር አመሸሁ። ጫት ቅመው የሚመጡም ነበሩ፤ በምርቃና የተቀመጠ ሰው ፊቱ ላይ ታላቅ ትኩረት ይታያል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን የነገረን ሁሉ ሊሠራው ስላሰበው ሕንጻ ነበር።

ስለ ዕቃው ደግሞ። የሚሰጠው መቀመጫ ከፍራሽ ስፖንጅ የተቆረጠ ትራስ ነው፤ ሲቀመጡበት ይሟሽሻል፣ በአሥረኛው ደቂቃ ጉልበቴ ይጮሃል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከቤቴ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማዬን ይዤ ሄድኩ። ጉድጓዳማ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ወገብን ቀጥ ያደርጋል፣ እግር አይደነዝዝም። በርጩማ በሚፈለፈልበት ከተማ ስፖንጅ ላይ መቀመጥ ምን ይባላል? መምህሩ በቀጣዩ ሐሙስ የራሳቸውን አመጡ፤ በሳምንቱ አምስት ነበርን።

ሙዚቃውን አልወደድኩትም። ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ዋሽንትና የሚፈስስ ውኃ። ውጭ እውነተኛ ዝናብ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ ውስጥ የተቀዳ ውኃ! አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ሙዚቃው ቆመ፤ ከሁሉም የተሻለው ቀን እርሱ ሆነ። ዝናቡ፣ የታችኛው ወፍጮ ቤት፣ ከዚያም ወፍጮው ሲቆም የሰው ሁሉ ትንፋሽ። እንዲቀር ጠይቀናል፤ ድምፁ ተቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ዋጋው? አሰልጣኙ የተማረበት ዓይነት የአስር ቀን ስልጠና በክፍያ አይሰጥም፤ የጨረሰ ሰው በፈቃዱ ይለግሳል። ታዲያ አንተ ለምን ታስከፍላለህ ብዬ ጠየቅሁት። «የክፍሉን ኪራይ ማን ይክፈልልኝ እትዬ?» አለኝ። ኪራዩን በአሥራ አንድ ሰው አካፍዬ አስቤዋለሁ፤ ብዙ አይተርፈውም። ዋጋው ተገቢ ነው።

እንቅልፌ አልተስተካከለም፤ ዛሬም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ነቅቼ የማደርገው ነገር አገኘሁ እንጂ። ግፊት ያድናል ምናምን የሚል ካለ ግን ከዚህ ስልጠና ያገኘው አይደለም፤ ልጁም እንዲህ ብሎ አያውቅም።

በአምስተኛው ሳምንት ጥርሴን ነክሼ እንደምቆጥር አይቶ የሶናን ታሪክ ነገረኝ። ሶና እግሩ እስኪደማ እየተመላለሰ ሲለማመድ ቡድሃ መጥቶ፣ መነኩሴ ከመሆንህ በፊት በገና ትመታ አልነበረም ወይ፣ ጅማቱ ከልክ በላይ ሲወጠር ወይም ሲላላ ጥሩ ድምፅ ይሰጥ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው። ወንድሜ ክራር ሲቃኝ ጆሮውን አስጠግቶ የሚያደርገው ፊት ታየኝ። በመጨረሻው ሐሙስ አስር ደረስኩ። ዳግመኛ ጀምሬ ደግሞ አስር ደረስኩ። በሦስተኛው ዙር ሁለት ላይ ሆኜ ለልጁ እንዴት እንደምነግረው ማሰማመር ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረስኩ እኔም አላውቅም።

ከአስር ሰባት ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ማስታወቂያው በደበቀው ነገር ነው፣ አንዱን በሙዚቃው። በመስከረም ሁለተኛ ዙር ይጀመራል፤ ማስታወቂያው ላይ «ከቡድሃ ትምህርት» የሚለው እንደሚጻፍ ቃል ገብቷል። የምትሄዱ በርጩማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለደረጃው የእጅ ባትሪ አትርሱ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ ደግሞ ለእኔ ተዉልኝ፤ ግማሹን ከፍያለሁ።