ባሕር ዳር ውስጥ ዘይቤ መማር ለምትፈልጉ፦ የቅዳሜው ኮርስ እንዴት ነው?

በአጭሩ፦ ይጠቅማል፣ ተመዝገቡ። ቅር ያለኝም ነገር አለ፤ እሱንም ከታች ጽፌዋለሁ፣ ስለዚህ ኮርሱን የሚያዘጋጀውን ቤት ስም አልጠራም።

ኮርሱ የሚሰጠው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ መጻሕፍት በሚከራዩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሁለት ወር። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ። ትምህርቱ በጽሑፍና በንግግር ውስጥ ያለውን ዘይቤ መለየት ላይ ነው። ተማሪው ደግሞ የተለያየ ነው፦ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅ ልጅ፣ ሰርግ የሚመራ ጎረምሳ፣ እንግዳ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚወስድ አስጎብኚ፣ የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪዎች።

ዘይቤን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። «እንደ» ካለበት ተነጻጻሪ፣ ከሌለበት ተለዋጭ፣ ግዑዙ ነገር እንደ ሰው ከሆነ ሰውኛ፣ ከተጋነነ ግነት፣ የማይሰማውን ከተጣራ እንቶኔ። ከዚያ ፈተና። ከዚያ መርሳት። እዚህ ግን ስሙን ማወቅ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። መምህራችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ዘይቤውን በዳስተር ያጠፉታል፣ በቦታው ተራ አነጋገር ይተካሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው «አሁን ምን ጎደለ?» ይላሉ። ኮርሱ በሙሉ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ገንዘቡን የምታወጣው እሷው ናት።

ከሁሉ የወደድኩት የዐፄ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ያነበብንበትን ቀን ነው። አዋጁ በየዓድዋ በዓሉ ይነበባል፣ ሁላችንም አጨብጭበንለታል፣ ቃል በቃል ቆም ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። መግቢያው ላይ «ጠላት አጥፍቶ አገር አስፍቶ አኖረኝ» ይላል። ሁለቱ ሐረጎች እኩል ናቸው፣ ቤትም ይመታሉ። ትንሽ ወረድ ሲል ጠላቱ ራሱ «አገር የሚያጠፋ» ሆኖ ይመጣል። ቅድም እግዚአብሔር ጠላት ያጠፋበት ግስ አሁን አገር ላይ ዞረ፤ አድማጩ ባያስተውለውም ጆሮው ይይዘዋል።

ከዚያ «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» የሚለው መጣ። መምህሩ ፍልፈሉን አጠፉና «ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር» ብለው ጻፉ። ሐሳቡ ያው ነው፣ ገበሬው ግን ወጥቶበታል። ፍልፈል ማሳ ሲያበላሽ ያየ ሰው ከላይ ምንም ሳይታይ ከሥር ሁሉ ነገር እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ በአንዲት ቃል ብቻ አካሄዱም፣ ንቀቱም፣ ንዴቱም አብረው ይደርሱታል። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይብሳል። ንጉሡ እርዳታ ከመጠየቃቸው በፊት «የበደልሁህ አይመስለኝም» ይላሉ። አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜት፣ የነገሩ ምክንያት። ይቺ ሐረግ የመጀመሪያውን ሥራ ጨርሳ ታልፋለች። አጠራሩንም ልብ በሉ፤ «ያገሬ ሰው» ብለው ሕዝቡን በሙሉ ይጠሩና «አንተ» እያሉ ነው የሚያናግሩት፣ «እናንተ» አይሉም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተጠራ ይመስለዋል። ከዚያ፦ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ፤ ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለሚስትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ።» ያለውና የሌለው ፊት ለፊት ቆሙ፣ መሐል የሚሸሸግበት ቦታ ጠፋ፣ ሁለቱም «እርዳኝ» ላይ አረፉ። የሚቀረው ወስላታው ብቻ ነው፤ ለእሱም ዛቻው በ«ማርያምን!» መሐላ ታስሮ ይመጣለታል።

ሰርግ መሪው ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ታስቦበት ነው የተነገረው?»

«ልጄ፣ ቢያንስ ጆሮአቸው አስቦበታል» አሉት።

የውጭ አገር ንግግሮችንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ «ሕልም አለኝ» የሚለውን በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ እየደጋገመ ተናገረ። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ስለ ዘር እኩልነት የተናገሩት ደግሞ «ይህ እስካልሆነ ድረስ፣ ያም እስካልቀረ ድረስ» በሚል አካሄድ ሁኔታውን እየደራረበ ይሄዳል፤ ዋናው ሐሳብ እስኪመጣ ሰሚው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ በአማርኛ ድግግሞሹ ብዙ ጊዜ ጅራት ላይ ነው የሚመታው፤ የአዋጁ «እርዳኝ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስብከትም ሆነ የምርጫ ቅስቀሳ ስሰማ ጆሮዬ የሚሄደው ማሰሪያው ላይ ነው። ድግግሞሹ ሲበዛና ምክንያቱ ሲሳሳ ወዲያው ይታወቀኛል።

ተረትና ምሳሌውን አልፈው አልፈው ነው ያስተማሩን፣ ግን ምርጫቸው ጥሩ ነበር። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሰውኛ ነው፤ ወንዙ ቤት እንደሌለው መንገደኛ ሆኗል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ደግሞ አያዎ፣ የሚቃረኑ ነገሮች አብረው የሚቆሙበት። እዚህ ከተማ ተቀምጦ ሁለቱን መስማት ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቅኔ አንድ ቀን ብቻ ነው የተሰጠው። አንድ ቀን! ጎጃም ውስጥ ተቀምጠን፣ የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ላይ፣ የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ለመድረስ ዓመታት በሚቀመጥበት አገር፣ ሰምና ወርቅ በአንድ ከሰዓት ተነግሮ አለቀ። መምህሩ እኮ ያውቁታል፤ ጥያቄ ስንጠይቃቸው ፊታቸው ይበራል፤ ፕሮግራሙን ያወጣው ቤት ነው ያጣበበባቸው። በዚያች አጭር ጊዜ እንኳ አስጎብኚው ልጅ ይህችን ይዞ መጣ፦

ጣናን ጥሎ ሄደ ቃሉን ሳይጠብቅ፣
ዓባይ መሆኑንስ ማን ነው የማያውቅ።

ሰሙ ወንዙ ነው፣ ወርቁ የከዳው ውሸታም ወዳጅ። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። በአንድ ቀን እንዲህ ከሆነ አንድ ወር ቢሰጠው ምን ሊወጣ እንደሚችል አስቡት። ለአዘጋጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ፦ የቅኔውን ጊዜ ጨምሩልን።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ ንግግር በወረቀት ብቻ ነው የምንማረው። ንግግር ድምፅ ነው። የት ላይ ቆመ፣ የት ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሕዝቡ የት ላይ ተቀበለው፣ ይሄ ወረቀት ላይ የለም። ቅጂ ያላቸው ንግግሮች አሉ፤ አንድ ድምፅ ማጉያ ከስልክ ጋር አገናኝቶ ማሰማት ከባድ ነገር አይደለም። መብራት ጠፋ የሚለው ምክንያትም አያስኬድም፣ የስልክ ባትሪ አለ። የሚታደለው ፎቶ ኮፒ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ግማሹ አይነበብም።

ለማን ይሆናል? ለፈተና ብቻ ለምትፈልጉት ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ነው፣ ግን አይጎዳችሁም፤ ያቺ ልጅ ምሳሌ ስትሰጥ ከመጽሐፍ መጥቀስ ትታ ከራሷ ማምጣት ጀምራለች። ለአስተማሪዎች፣ መድረክ ለምትመሩ፣ ለጋዜጠኞች፣ ለሰባኪዎች ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። የፈጠራ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ መማር ከሆነ ሐሳባችሁ ግን ቦታው ይሄ አይደለም፤ እዚህ ማንበብና ማዳመጥ ነው የሚሰለጠነው።

ክፍያው ለሁለቱም ወር 900 ብር ነው፣ በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ክፍሏ ከሃያ ሰው በላይ አትይዝም፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ። መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ትሞቃለች። ደብተር አትርሱ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን በእጃችሁ ገልብጡት።